ስለ ማድ ቤት ጢስ መውጫ አሠራርና አጠባበቅ

በባላገር ማድ ቤት እሳት የሚነደው ብዙውን ጊዜ በሦስት ጉልቻ መካከል ነው። ጢሱም የራሱ መንገድ ስላልተበጀለት ቤቱን ሁሉ ከመላ በኋላ በበሩና በክዳኑ ሣር መካከል እየሾለከ ይወጣል። እንጀራ የምትጋግረው ሴት ፊቷን ወደ ምጣዱ ስለምታደርግ ከማንም ይልቅ ጢሱን የምትስብ እርሷ ናት፤ በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃንም ከእርሷ ጋራ ይስባል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2020 ዓመት በምድር ሁሉ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ከቤት ውስጥ ጢስ የተነሣ እንደ ሞተ ገምቷል፤ ከእነዚህም ከ237,000 የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው። ሕፃናቱን የሚገድላቸው ይልቁንም የሳንባ ምች ነው፤ በዐዋቂዎችም ላይ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታንና የዐይን ሞራን ያመጣል።

ሽማግሎች ግን ጢስን የሚወዱበት ምክንያት አላቸው፤ ምክንያታቸውም ከንቱ አይደለም። ጢስ የጠጣውን ክዳን ተባይ በቀላሉ አይደፍረውም፤ ለዘር የተመረጠውም የበቆሎ ራስ ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ ሲከርም ከነቀዝ ይጠበቃል። ስለዚህ መምህሩ ይህን ነገር እንደ ድንቍርና ቈጥሮ ቢያልፈው ሰሚ አያገኝም። ጢስ ለክዳኑና ለዘሩ የሚያስፈልግ እንደ ሆነ፥ ሴቲቱና ልጆቹ ከቤት በወጡበት ሰዓት፥ አንድ ሰው በደጅ ሆኖ እሳቱን እየጠበቀ፥ ለብቻው ይጤስለት ብሎ መመለስ ይሻላል።

የጢስ መውጫ ሥራው እንዲህ ነው። የሞቀ አየር ከቀዝቃዛው ይልቅ ቀላል ስለ ሆነ ወደ ላይ ይወጣል፤ በቱቦ ውስጥ ሲወጣም ከበታቹ ያለውን ጢስ ይስባል። ቱቦው በረዘመና ሙቀቱን በጠበቀ መጠን መሳቡ ይበረታል። ነገር ግን የሚወጣውን የሚተካ አየር ከታች ካልገባ ቱቦው ምንም ቢረዝም አይስብም፤ በሩ ተዘግቶ ጢሱ ወደ ቤት የሚመለሰው ስለዚህ ነው። አፉም ከጣራው ጉልላት ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ነፋሱ ጣራውን ዘልሎ ሲወርድ ጢሱን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ክዳኑ ሣር ለሆነ ቤት ቱቦውን በሣሩ መካከል ማሳለፍ እሳት መጋበዝ ነው፤ በግድግዳው አውጥቶ ከክዳኑ አርቆ ማቆም ይገባል።

መውጫ ብቻ መሥራት ግን እኩሌታ ሥራ ነው፤ እሳቱ በግልጥ ሲነድ ጢሱ ወደ ቱቦው ሳይደርስ ይበተናልና። በ1980ዎቹ ዓመታት የወጣው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ እሳቱን በዙሪያው ስለሚከብበው ጢሱ በአንድ በር ይወጣል፤ ማገዶውንም በብዙ ይቀንሳል።

ማንኛውም ጢስ መውጫ ጥቀርሻ ይይዛል፤ እርጥብ እንጨት የሚነድበት ደግሞ ፈጥኖ ይደፈናል። ጥቀርሻው ጢሱን ከመመለሱም በላይ ራሱ ይነዳል። መደፈኑን ለማወቅ ጥቂት የሚጤስ ሣር በምድጃው አፍ ማስጠጋት ነው፤ ጢሱ ወደ ውስጥ ከተሳበ መንገዱ ክፍት ነው፤ ወደ ሰው ከተመለሰ ግን አንድ ነገር ዘግቶታል። ቱቦው ቀዝቅዞ ብቻ እንደ ሆነ ከሥሩ አንድ እፍኝ ጭድ ቢነድበት መሳብ ይጀምራል። ለመጥረግ እሳቱ ፈጽሞ ከጠፋ በኋላ እህሉና ዕቃው ይከደናል፤ የሚጠርገውም ሰው አፍና አፍንጫውን በነጠላ ይሸፍናል። ጠንካራ ሣር በገመድ ታስሮ፥ ከጫፉ ድንጋይ ተንጠልጥሎበት፥ ከላይ ወደ ታች እየተመላለሰ ይጠርገዋል። የተሰነጠቀውን ደግሞ ከጭድ ጋራ በተቦካ ጭቃ መምረግ ነው፤ በስንጥቁ የሚገባ ቀዝቃዛ አየር መሳቡን ያደክመዋልና።

ኤሌክትሪክ በገባበት ስፍራ ጢስና እንፋሎት የሚያወጣ ማራገቢያ ይተከላል። የዚህ ሕመም ብዙውን ጊዜ የቅባትና የአቧራ መከማቸት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ኀይሉ ከዋናው ማጥፊያ ይቋረጣል፤ ከዚያ ወንፊቱ ወጥቶ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ ክንፎቹም በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላሉ፤ ሞተሩን ግን ውሃ ሊነካው አይገባም። በውጭ ያለው መዝጊያ በወፍ ጎጆ ተይዞ እንደ ሆነም ማየት ነው። ክንፉ በእጅ ሲገፋ በቀላሉ እየዞረ ኀይል ሲመለስለት የማይዞር ከሆነ ጥገናው የባለሙያ ነው።

ጢስ የማይታይበት ከሰል ግን ከሁሉ የከፋ ነው፤ የሚያወጣው መርዛም አየር ቀለምም ሽታም የለውምና፥ ከሰል በተዘጋ ክፍል አስቀምጦ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ማራገቢያ በሚሠራበት ጠባብ ቤትም መስኮት ካልተከፈተ ማራገቢያው የምድጃውን ጢስ በቱቦው ወደ ኋላ ሊስበው ስለሚችል፥ ሁለቱ አብረው በሚሠሩበት ጊዜ አንድ መስኮት ክፍት ሆኖ ይቈያል።