ውሾቹ ስንት ናቸው?

የውሻ ቆጠራ ሲባል የሚስቅ አይጠፋም። እኔም ስቄ ነበር። ነገር ግን የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ፣ ታማሚው ይድናል ማለት ዘበት ነው። ሰውን ከሚይዘው ውስጥም 99 በመቶው የሚተላለፈው በውሻ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ለመግታት ከውሾች 70 በመቶው ይከተቡ ይላል። የስንቱ 70 በመቶ? ጥያቄው እዚህ ላይ ነው።

የባለሙያዎቹ ዘዴ ቀላል ነው። እንበልና በአንድ ሰፈር 200 የመንገድ ውሾች ተከትበው በቀለም ምልክት ተደረገባቸው። በማግስቱ ማለዳ ቆጣሪዎች በየመንገዱ ሲዞሩ 60 ውሾች አዩ፤ ቀለም ያለባቸው 30 ብቻ ናቸው። የተከተበው ግማሹ ነው ማለት ነው። እንግዲያው የሰፈሩ የመንገድ ውሾች 400 ገደማ ናቸው፤ 280 ለማድረስ 80 ይቀራል። ግቢ ታስሮ የሚውለው ግን በዚህ ስሌት አይገባም፤ እሱን ለማወቅ ቤት ለቤት መጠየቅ ግድ ነው።

«መርዝ አይቀልም ወይ?» የሚሉ አሉ። መርዝ የተከተበውንም ይገድላል፤ በቦታው ያልተከተበ ቡችላ ይተካል።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ባለቤት አልባው ውሻ ሲነክስስ ማን ይከሰሳል? እዚህ ላይ ከክስ ይልቅ መከላከል ይሻላል። ስለዚህ «ይህን ያህል ውሻ ከተብን» የሚል ሪፖርት ስንሰማ ከማጨብጨባችን በፊት «ከስንቱ?» እንበል።