የቆሻሻ ክምር ለምን ይናዳል?

በሐዋሳ ከተማ ገበያ በዋለ ማግሥት በጎዳና የሚያልፍ ተማሪ የእንሰት ቅጠል፣ የጫት ገረባና የፍራፍሬ ልጣጭ በየጥጉ ተከምሮ ያያል፤ ወደ አሞራ ገደል ቢወርድ ደግሞ የዓሣ አጥንትና ቅርፊት ይጨመርበታል። ይህ ሁሉ በመኪና ተጭኖ ከከተማ ሲወጣ ነገሩ ያለቀለት ይመስላል። ዳሩ ግን ቆሻሻው ከዓይን ራቀ እንጂ አልጠፋም። አንድ ስፍራ ላይ ይቆለላል፤ የተቆለለ ነገር ደግሞ የራሱ ሕግ አለው።

ሕጉን ለመረዳት በዐውድማ ላይ የሚከመረውን ጤፍ አስቡ። እህሉ ከላይ ሲፈስ ክምሩ ጥቂት ከፍ ይልና ጎኑ እየተንሸራተተ ወደ ታች ይሰፋል እንጂ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ምን ያህል ቀጥ ሊል እንደሚችል የሚወስነው ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው የሚፋተጉበት ኃይል ነው። ቆሻሻ ግን ከጤፍ ይለያል፤ ጨርቁ፣ ፌስታሉና ገመዱ እየተጠላለፉ ስለሚይዙት ገደል መስሎ ለዓመታት ሊቆም ይችላል። አታላይነቱም በዚህ ላይ ነው። ከላይ ሲታይ የጸና መስሎ፣ ከውስጥ ግን ይበሰብሳል፤ የዝናቡም ውኃ ከብስባሹ እርጥበት ጋር ተደምሮ ይጠራቀማል። ውኃው መውጫ ሲያጣ የክምሩን ክብደት ይጨምራል፤ ይባስ ብሎም በቅንጣቶቹ መካከል ገብቶ ስለሚገፋቸው መፋተጋቸው ይላላል። ያን ጊዜ ክምሩ በአንድ አፍታ ይናዳል።

በአገራችን የደረሰው ከባድ አደጋ ይህን ያስረዳል። ሕዝቡ «ቆሻሻ» ከሚለው ቃል አሳጥሮ «ቆሼ» የሚለው የአዲስ አበባው የረጲ ማከማቻ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆሻሻ ሲደፋበት ኖሯል። በ2008 ዓ.ም. ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ መወሰድ ጀምሮ ነበር፤ ሆኖም የአካባቢው አርሶ አደሮች ስለ ተቃወሙ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ረጲ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ላይ ክምሩ ተንዶ በሥሩ የነበሩትን መኖሪያ ቤቶች ዋጠ። ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ወሩን ልብ በሉ፤ መጋቢት እንጂ ሐምሌ አይደለም። በፊሊፒንስ በፓያታስ በ1992 ዓ.ም. የደረሰው ናዳ ከብዙ ቀን ዝናብ በኋላ የመጣ ነበር። የቆሼው ግን ዶፍ ሳይወርድ መድረሱ፣ ዝናብን ብቻ መክሰስ እንደማይበቃ ያስተምራል።

እንግዲህ መከላከያው ምንድን ነው? ከሁሉ አስቀድሞ የጎኑን ቁልቁለት ማለዘብ ነው። መሐንዲሶች በአብዛኛው የሚመርጡት ለአንድ ሜትር ከፍታ ሦስት ሜትር ያህል አግድም ስፋት መስጠትን ነው። ከፍ ያለውንም ክምር በእርከን መከፋፈል ይገባል፤ የኮንሶ ገበሬ ተራራውን በድንጋይ እርከን ያጸናበት ጥበብ ለዚህ ሩቅ ምሳሌ አይደለም። ቆሻሻው በስስ ንብርብር እየተነጠፈ በከባድ መኪና ይደመደማል፤ አፈርም ይለብሳል። የክምሩን እግር መቆፈር ግን ፈጽሞ አይገባም፤ እግሩ የተቆፈረ ክምር ምሰሶው እንደ ተነቀለ ቤት ነውና።

የውኃው ነገር ከሁሉ ይበልጣል። ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ በቦይ ዙሪያውን ማሳለፍ፣ ከውስጥ የሚወጣውን ጥቁር ፍሳሽ ደግሞ ከሥር በተነጠፈ ጠጠርና በተበሳ ቧንቧ ማውጣት ያስፈልጋል። ከቆሼ አደጋ በኋላ በረጲ የተሠራበት የጃፓኑ የፉኩኦካ ዘዴ በዚሁ የተመሠረተ ነው፤ በቧንቧው ፍሳሽ ሲወጣ አየር ይገባል፤ አየር ሲገባም በቀላሉ የሚቀጣጠለው የሚቴን ጋዝ ይቀንሳል።

ለሐዋሳ ይህ ጉዳይ ተጨማሪ ክብደት አለው። ሐይቁ በጥቁር ውኃ ወንዝ በኩል ውኃ ይቀበላል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። ወደ እርሱ የወረደ ፍሳሽ እዚያው ይቀራል ማለት ነው። በሌላ በኩል፣ ቅጠሉና ልጣጩ በየቤቱና በየገበያው ተለይቶ ብስባሽ ማዳበሪያ ቢሆን የክምሩ ቁመትም በውስጡ የሚቋጠረው ውኃም ይቀንሳል፤ እኔ በበኩሌ ከቧንቧው ሁሉ ርካሹ ይህ ይመስለኛል።

ናዳ ብዙ ጊዜ ምልክት አለው፤ በክምሩ አናት ላይ ረጅም ስንጥቅ ይታያል፤ እግሩ ያብጣል፤ ደረቅ ከነበረው ጎን ውኃ መንጠብ ይጀምራል። ይህንን ከመሐንዲሱ አስቀድመው የሚያዩት በክምሩ ላይ ፕላስቲክና ብረት እየለቀሙ የሚተዳደሩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ ቃላቸውን የሚቀበልና ያዩትን በዚያው ቀን ሄዶ የሚመረምር ሠራተኛ በስፍራው ሊያቆም ይገባል።