ማመሳሰል ብቻውን መጠባበቂያ አይሆንም
የክፋር ግቢሮል ወገኖቼ፣ በ1991 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሰለሞን ጊዜ የተነሱ ፎቶዎችንና የሽማግሌዎቻችንን ድምፅ ኮምፒውተር ላይ ያስቀመጣችሁ፣ ይህን አንብቡልኝ።

ጉግል ድራይቭ ፋይል ያመሳስላል። ልጅ በስልክ አንድ ፎልደር ቢሰርዝ ከላፕቶፑም ይጠፋል፤ በቅርጫቱ የሚቆየው ለ30 ቀን ብቻ ነው። ቫይረስ ፋይሉን ከቆለፈውም የሚዛመተው የተቆለፈው ነው።

እኔ የምመርጠው ሲንክቲንግ የተባለውን የማመሳሰያ ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፤ ፋይሉም በራሳችሁ መሣሪያዎች ላይ ብቻ ይቀመጣል። ነገር ግን የድሮ ቅጂ የሚያቆየው አማራጭ ሲጫን ዝግ ነው። በተቀባዩ ኮምፒውተር፣ በፎልደሩ ማስተካከያ ገብታችሁ ክፈቱት፤ ከሌላው መሣሪያ የተሰረዘው ወደ ተለየ ፎልደር ይገባል። በየወሩም ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ገልብጡና ነቅላችሁ አስቀምጡት።

ዛሬ ማታ ከሌላው መሣሪያ አንድ የማይጠቅም ፋይል ሰርዙና መልሳችሁ ማግኘት መቻላችሁን ሞክሩ። ካቃታችሁ ጻፉልኝ፤ አብረን እናስተካክለዋለን።