ቡድን ሲዛወር የሚዛወረው ምንድን ነው? የቤት ውስጥ ላክሮስ ሊግ እንደ ማሳያ



የዛሬው ንግግሬ የሚያጠነጥነው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ አንድ የስፖርት ቡድን ከከተማ ወደ ከተማ ሲዛወር በእርግጥ የሚዛወረው ምንድን ነው? ለማሳያነት የመረጥሁት በአሜሪካና በካናዳ የሚካሄደውን ብሔራዊ የላክሮስ ሊግ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ላክሮስ ጫፉ ላይ መረብ በተበጀለት ዘንግ ኳስ እየተቀባበሉ ወደ ግብ የሚወረውሩበት፣ ከሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች የተወረሰ ጨዋታ ነው። የቤት ውስጡ ዓይነት የሚካሄደው በበረዶ ሆኪ ሜዳ ላይ ሰው ሠራሽ ሣር ተነጥፎ ነው። ስለዚህም ሊጉ በአብዛኛው የሚኖረው ሆኪና ቅርጫት ኳስ በማይካሄዱባቸው ምሽቶች፣ በሌሎች አዳራሽ ነው።

እኛ በለመድነው የእግር ኳስ ሥርዓት ቡድን በውጤቱ ያድጋል ወይም ይወርዳል። ይህ ሊግ ግን ዝግ ነው፤ የሚገባበት መብት በመግዛት ነው፤ መብቱም እንደማንኛውም ንብረት ይሸጣል፣ ይጓጓዛል። በ1987 ሊጉን ከጀመሩት አራት ቡድኖች አንዱ ባልቲሞር ተንደር ነበር። ይኸው መብት በ2000 ወደ ፒትስበርግ፣ በ2001 ወደ ዋሽንግተን፣ በ2003 ወደ ዴንቨር ሄደ፤ በደረሰበት ሁሉ አዲስ ስም ወጣለት። ዴንቨር ላይ ግን ኮሎራዶ ማሞዝ ተብሎ ረጋ። በእኔ ግምት ምክንያቱ አዳራሹ ነው፦ የክሮንኬ ድርጅት የሕንፃውም፣ የሆኪውና የቅርጫት ኳሱ ቡድኖችም ባለቤት ነበረ። ባዶ ምሽቶቹ የራሱ ነበሩ።

ይበልጥ የሚያስገርመኝ የሮቸስተር ጉዳይ ነው። በ2019 የናይትሆክስ ባለቤት ከርት ስታይረስ ቡድኑን ወደ ካናዳዋ ሃሊፋክስ ወሰደ። ተጫዋቾቹ አብረው ሄደው ተንደርበርድስ ተባሉ። ስሙና አርማው ግን ሮቸስተር ቀሩ፤ የቡፋሎው ቡድን ባለቤት የሆነው የፔጉላ ቤተሰብ የማስፋፊያ መብት አግኝቶ በዚያው ስም አዲስ ቡድን አቋቋመ። ከ2012 እስከ 2014 በተከታታይ የተገኙት ሦስት ዋንጫዎች ታዲያ የማን ናቸው? ኮዲ ጀሚሰንን የመሰለው አሸናፊ ወደ ሃሊፋክስ ሄደ፤ አርማው ሮቸስተር ቀረ።

ፊላደልፊያም እንዲሁ ሆነች። ነባሩ ዊንግስ በ2014 ወደ ኮኔቲከት፣ ኋላም ወደ ኦልባኒ ተሻገረ፤ በ2018 ደግሞ በማስፋፊያ የመጣ ሌላ ቡድን የዊንግስን ስም አንሥቶ ለበሰው። እንግዲህ «ሊጉ በአንድ ቡድን አደገ» ሲባል፣ አንዳንዴ የተቆጠረው ዕድገት ሳይሆን ቀድሞ የተነቀለው ነገር መተኪያ ነው።

ተጫዋቾቹስ? አብዛኞቹ መተዳደሪያ ሌላ ሥራ አላቸው፤ በሳምንቱ መጨረሻ በአውሮፕላን መጥተው ተጫውተው ይመለሳሉ። ቡድኑ ሲዛወር የእነርሱ ቤት አይዛወርም፤ የሚቀየረው የበረራ ትኬታቸው ነው። የዓመት መግቢያ ገዝቶ ልጁን ይዞ ይመጣ የነበረው ተመልካች ግን ተከትሎ መሄድ አይችልም፤ በውሉ ላይም ስሙ የለም።

እዚህ ላይ ላቁምና ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።