ከክቡ ወደ መድረኩ፤ ስለ ለንደኑ ዓለም አቀፍ የሂፕ ሆፕ ዳንስ ፌስቲቫልና ስለ ዳንሰኞቹ

በመንደር አዳራሽና በመንገድ ዳር የተወለደ ዳንስ ወደ ታላቅ ትያትር ቤት መድረክ ሲወጣ ጠባዩ ይጠበቃልን ወይስ ይለወጣል? ይህ ጥያቄ የሂፕ ሆፕን ዳንስ ብቻ ሳይሆን፣ ከሕዝብ መካከል ወጥቶ በመድረክ የሚታየውን ጥበብ ሁሉ ይመለከታል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በለንደን ከተማ በሳድለርስ ዌልስ ትያትር ቤት በየዓመቱ የሚደረገውንና ብሬኪን ኮንቬንሽን የተባለውን ዓለም አቀፍ የሂፕ ሆፕ ዳንስ ፌስቲቫል ምሳሌ በማድረግ ጥያቄውን መመርመር ነው። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አስቀድሞ የዳንሱን መነሻ ማወቅ ያስፈልጋል። ኦገስት 11 ቀን 1973 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ፣ ብሮንክስ በተባለው ክፍል፣ ሲንዲ ካምብል የምትባል ወጣት ለትምህርት መክፈቻ ልብስ መግዣ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት በሚኖሩበት ሕንፃ አዳራሽ ጭፈራ አዘጋጀች። ሸክላ ያጫወተው በጃማይካ የተወለደውና በኋላ ዲጄ ኩል ኸርክ በሚል ስም የታወቀው ወንድሟ ክላይቭ ነበር። ኸርክ ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን ሲቀር ጨፋሪዎቹ ከሌላው ጊዜ ይልቅ እንደሚሞቁ ያስተውል ነበር። ብሬክ የሚባለው ይህ ክፍል እጅግ አጭር ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሁለት ሸክላዎች በሁለት ማጫወቻ ላይ አስቀምጦ፣ በአንደኛው ብሬኩ ሲያልቅ በሁለተኛው ከመጀመሪያው በማስነሣት ጥቂቱን ሴኮንድ ወደ ብዙ ደቂቃ የማራዘም ዘዴ አበጀ። በዚህ ክፍል የሚጨፍሩት ወጣቶች ቢ ቦይና ቢ ገርል ሲባሉ፣ ዳንሳቸውም ብሬኪንግ ተባለ።

ይሁን እንጂ ዛሬ ሂፕ ሆፕ ዳንስ በሚባለው ስም ውስጥ የሚጠቃለለው ብሬኪንግ ብቻ አይደለም። ሎኪንግ፣ ማለትም እንቅስቃሴን በመካከሉ ቀጥ አድርጎ እንደ ቍልፍ መዝጋት፣ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ዶን ካምብል በተባለው ሰው በሎስ አንጀለስ ተጀመረ። ፖፒንግ ደግሞ ጡንቻን በድንገት ማኰማተርና መልቀቅ ሲሆን፣ ቡጋሉ ሳምና ኤሌክትሪክ ቡጋሉስ የተባለው ቡድኑ ከካሊፎርኒያዋ ፍሬዝኖ ከተማ ተነሥተው አሳወቁት።

የእነዚህ ዳንሶች ትምህርት ቤታቸው ክቡ ነው። ጨፋሪዎች ከብበው ይቆማሉ፤ አንዱ ገብቶ ይጨፍርና ሲወጣ ሌላው ይተካል። ይህ ክብ ሳይፈር ይባላል። በክቡ ዘንድ ሦስት ሕጎች ይታያሉ። አንደኛ፣ ተመልካችና ዳንሰኛ የተለያዩ ሰዎች አይደሉም፤ አሁን የሚያጨበጭበው ቀጥሎ ይገባል። ሁለተኛ፣ ዳንሰኛው የሚጫወተውን ዜማ አስቀድሞ ስለማይመርጥ እንቅስቃሴውን በዚያው ቅጽበት መፍጠር አለበት። ሦስተኛ፣ የሌላውን ሰው እንቅስቃሴ ቀድቶ የራስ ማስመሰል ነውር ነው። ሁለት ተፎካካሪዎች ሲገጥሙም ነገሩ ከሽለላ ጋር ይመሳሰላል፤ አንዱ በአካሉ የተናገረውን ሌላው በአካሉ ይመልሳል እንጂ አይነካካም።

የፌስቲቫሉ ቤት ግን ታሪኩ ከዚህ የራቀ ነው። ሳድለርስ ዌልስ በ1683 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ ኒኔት ደ ቫልዋ ከ1931 ዓ.ም. ጀምራ በዚያ ያደራጀችው የባሌት ቡድን ዛሬ የእንግሊዝ ንጉሣዊ ባሌት ለሚባለው መሠረት ሆኗል። በዚህ ቤት በ2004 ዓ.ም. ብሬኪን ኮንቬንሽንን የጀመረው ጆንዚ ዲ ነው። ጆንዚ ዲ በአንድ በኩል በራፕና በብሬኪንግ ያደገ፣ በሌላ በኩል በለንደን የዘመናዊ ዳንስ ትምህርት ቤት የተማረ በመሆኑ ሁለቱንም ዓለም ያውቃል።

ፌስቲቫሉ የሚደረገው በሜይ ወር መጀመሪያ በሚውለው የዕረፍት ቀን ሰሞን ነው። በዋናው መድረክ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ቡድኖችና የአገሩ ወጣቶች በአንድ ፕሮግራም ይቀርባሉ፤ እንደ ኤሌክትሪክ ቡጋሉስ ያሉት አንጋፋዎችም በዚያ ታይተዋል። በመግቢያው አዳራሽ ደግሞ ዲጄዎች ያጫውታሉ፤ ልምምድ ይሰጣል፤ ቲኬት ገዝቶ የመጣውም ሰው ከክቡ ገብቶ ይጨፍራል። ጆንዚ ዲ ራሱ መድረክ መሪ ሆኖ ተመልካቹን ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያበረታታ ይጠይቃል። በባሌት ቤት ጸጥታ ጨዋነት ነው፤ በዚህ ግን ዝምታ እንደ ንፉግነት ይቈጠራል።

መድረኩ የሚያጎድለውን መካድ አይቻልም። ክቡን ከየአቅጣጫው የሚያየው ዐይን በመድረክ ከፊት ብቻ ይሆናል። ዳንሰኛው በብርሃኑ ምክንያት የተመልካቹን ፊት አያይም፤ የአንድ ደቂቃ የቅጽበት ፈጠራም አስቀድሞ የተጠና ሥራ ይሆናል። ነገር ግን የሚጨምረውም አለ። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው ኬንሪክ ሳንዲና ማይክል አሳንቴ በ2001 ዓ.ም. በምሥራቅ ለንደን የመሠረቱትና በዚሁ ፌስቲቫል ደጋግሞ የቀረበው ቦይ ብሉ የተባለው ቡድን ነው። ይህ ቡድን አይጦችን በዋሽንት ስለሚመራው ሰው የሚነገረውን የጀርመን ተረት በሂፕ ሆፕ ዳንስ ሠርቶ በ2007 ዓ.ም. የሎረንስ ኦሊቪየርን ሽልማት አግኝቷል። ረጅም ታሪክ መተረክና ብዙ አካላትን እንደ አንድ ማንቀሳቀስ በክብ ውስጥ የማይሞከር ነገር ነው።

ከክቡ የሚወጣ ሌላም መንገድ አለ፤ እርሱም የስፖርት ውድድር ነው። በ2024 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሎምፒክ ብሬኪንግ ሲገባ ዘጠኝ ዳኞች በአምስት መለኪያ ፈረዱ፤ ከሴቶች የጃፓኗ አሚ፣ ከወንዶች የካናዳው ፊል ዊዛርድ የወርቅ ሜዳይ ወሰዱ። ለ2028ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ግን ብሬኪንግ አልተመረጠም። ከዚህ የምንረዳው የሌላ ሰው ማዕድ ላይ የተጠራ እንግዳ የመቀመጫው ጌታ አለመሆኑን ነው። ብሬኪን ኮንቬንሽን ከሃያ ዓመት በላይ የቆየው ከዳንሱ ወገን በሆነ ሰው ስለሚመራ ይመስለኛል።

አሁን የቀረው ፈተና ትምህርቱ ነው። ሳድለርስ ዌልስ በ2025 ዓ.ም. በምሥራቅ ለንደን በከፈተው ቤት ውስጥ ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 19 ለሆኑ ወጣቶች የሂፕ ሆፕ ትያትር አካዳሚ አለ። ትምህርት ቤት መምህሩን በመምሰል ያስጀምራል፤ ክቡ ግን መምሰልን ይነቅፋል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት የመግቢያው አዳራሽ ክብ የመድረኩ ማድመቂያ ተደርጎ ሊታሰብ አይገባውም። ተማሪው ከመምህሩ የተቀበለውን ወደዚያ አምጥቶ የራሱን ካልጨመረበት፣ ዳንሱ በመድረክ ላይ ስሙን ይዞ ይኖር ይሆናል እንጂ ጠባዩን ይዞ አይኖርም።