ከትራፊ ክር በኪሮሽ ስለሚሠራ የሕፃን ብርድ ልብስ

አዲስ የተወለደ ሕፃን ሙቀቱን ፈጥኖ ያጣል። ምክንያቱም ቆዳው ከክብደቱ ጋር ሲመዛዘን ሰፊ ነው፤ ሲወለድም ገላው እርጥብ ነው። የጤናማ ሕፃን ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፥ ከዚህ በታች የወረደ እንደ ሆነ ሕፃኑ ይደክማል፤ ጡት ለመጥባትም ኀይል ያንሰዋል።

ስለዚህ እናቶች ሹራብ ወይም ዳንቴል ሠርተው የተረፋቸውን ክር ሳይጥሉ ለሕፃን ብርድ ልብስ ቢያውሉት፥ ቁጠባም ጤናም ያገኙበታል። በእንግሊዝ አገር ልብስ በራሽን ይሸጥ በነበረበት ዘመን፥ ማለት እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1949 ድረስ፥ ብዙ እናቶች አሮጌ ሹራብ እየተረተሩ ልጆቻቸውን አልብሰዋል። ይሁን እንጂ ክሩ ትራፊ ቢሆንም ጥንቃቄው ትራፊ ሊሆን አይገባም።

1ኛ፤ ክሩን ስለ መለየት።
እውነተኛ ሱፍ በሙቅ ውሃ ሲታሽ ይኮማተራል፤ ጥጥና አክሪሊክ የተባለው ሰው ሠራሽ ክር ግን እንደ ሱፍ አይኮማተሩም። አደባልቆ የሠራ ሰው ብርድ ልብሱ ሲታጠብ ተጨማዶ ያገኘዋል። ዓይነቱን ለማወቅ፥ ልጆች በሌሉበት ቦታ፥ ከክሩ ጥቂት ቈርጦ በወረንጦ ይዞ በብረት ሳሕን ላይ በክብሪት ማቃጠል ነው። እንደ ፀጉር የሚሸትና አመዱ የሚፈረፈር ሱፍ ነው፤ እንደ ወረቀት የሚሸት ጥጥ ነው፤ ቀልጦ ጠጣር ጕብታ የሚሆን ሰው ሠራሽ ነው። ለአንድ ብርድ ልብስ አንድ ዓይነት ክር ብቻ ይበቃል። የሕፃን ልብስ ቶሎ ቶሎ መታጠብ ስላለበት፥ ሙቅ ውሃ የሚችለው ጥጥ ይመረጣል።

2ኛ፤ ክሩን ስለ ማጽዳት።
ከአሮጌ ልብስ የተተረተረ ክር ላብና ዐቧራ፥ አንዳንድ ጊዜም የልብስ ቅማልና ቅጫም ይኖርበታል። የልብስ ቅማል ተስቦንና ግርሻን የሚያስተላልፍ ነው። ስለዚህ የጥጡን ክር አላልቶ አስሮ 60 ዲግሪ በደረሰ ሙቅ ውሃና ሳሙና ማጠብ፥ ከዚያም በፀሐይ ማድረቅ ይገባል። ሱፍ ሙቅ ውሃ ስለማይችል በላስቲክ ከረጢት አጥብቆ አስሮ 2 ሳምንት ማቆየት፥ በኋላም ለብ ባለ ውሃ ሳያሹ ማጠብ ነው። ቀለሙ እንዳይለቅ ደግሞ እርጥቡን ክር በነጭ ጨርቅ ላይ ተጭኖ መፈተን ነው።

3ኛ፤ ስለ አሠራሩ።
ወርዱም ቁመቱም 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ይበቃል። ክሩ ቁርጥራጭ ከሆነ ትንንሽ አራት ማዕዘን እየሠሩ ማጋጠም ይቀላል። የኪሮሹ ቀዳዳ የሕፃን ጣት የማያስገባ ጥብቅ ይሁን፤ የላላ ክር በጣት ላይ ተጠምጥሞ የደም ዝውውርን ያግዳልና። የክሩ ጫፍ ሁሉ በመርፌ ወደ ውስጥ ተመልሶ ይሰፋ። ዘርፍ፥ ዶቃና ቍልፍ አይደረግበት፤ ሕፃኑ ነቅሎ ሊውጠው ይችላል።

4ኛ፤ ስለ አጠቃቀሙ።
ከብርድ ልብስ ሁሉ የሚቀድመው የእናት ገላ ነው። ሕፃኑ እንደ ተወለደ ገላው ተወልውሎ፥ ራቁቱን በእናቱ ደረት ላይ ሆኖ፥ ራሱ በቆብ፥ ጀርባው በብርድ ልብስ ይሸፈን። ገላውን ለማጠብ 24 ሰዓት መጠበቅ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ብርድ ልብሱ ሕፃኑን ለታቀፈችና ለምታጠባ እናት ይጠቅማታል። ብቻውን ሲተኛ ግን 1 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ልብስ ደርቦለት በጀርባው ማስተኛት ይሻላል፤ የላላ ብርድ ልብስ ፊቱን ሸፍኖ ትንፋሹን ሊያግደው ይችላልና። ብርድ ልብሱ ከከሰል ምድጃም ይራቅ።

የሕፃኑ ገላ ቀዝቅዞ ጡት እንቢ ያለ እንደ ሆነ፥ በደረት ላይ አሙቆ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ የወላጆች ግዴታ ነው።