የፍሪዝ ቤተሰብ የፎቶግራፍና የፖስት ካርድ ንግድ

አንድ የንግድ ቤት ሲዘጋ ወይም ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ፤ ዋጋ ያለው ዕቃ የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ ቀላል አይደለም። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን በእንግሊዝ አገር ከመቶ ዓመት በላይ የኖረው የፍሪዝ ቤተሰብ ድርጅት ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

መሥራቹ ሚስተር ፍራንሲስ ፍሪዝ በ1822 በቼስተርፊልድ ከተማ ተወለዱ። በሊቨርፑል የምግብ ሸቀጥ በጅምላ ሲነግዱ ከቈዩ በኋላ፤ በ1850ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ንግዳቸውን ሸጠው ሙሉ ጊዜያቸውን ለፎቶግራፍ አዋሉት። ከ1856 እስከ 1860 ባለው ጊዜ ሦስት ጊዜ ወደ ግብፅና ወደ ቅድስት አገር ተጓዙ። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ የሚነሣው ኮሎዲዮን የሚባል መድኃኒት በፈሰሰበት መስተዋት ላይ ነበር፤ መስተዋቱም ሳይደርቅ መታጠብ ነበረበት። የድንኳኑ ሙቀት እጅግ ብርቱ ስለ ነበረ መድኃኒቱ በመስተዋቱ ላይ ይፈላ ነበር ይባላል።

ሚስተር ፍሪዝ ወደ አገራቸው ተመልሰው በሬይጌት ከተማ ድርጅት አቋቋሙ። ዓላማቸው የብሪታንያን ከተማና መንደር ሁሉ ፎቶግራፍ አንሥቶ በርካሽ ዋጋ መሸጥ ነበር። ሥዕሎቹም በልዩ ልዩ ከተሞች በሚገኙ ከ2,000 በሚበልጡ ሱቆች ይሸጡ ነበር። በሥዕሉ ላይ የቦታው ስምና የኔጋቲቩ ቁጥር ይጻፋል። ስለዚህ ሥዕሉ ባለቀ ጊዜ መስተዋቱን ከመደርደሪያ አውርዶ እንደገና ማተም ይቻል ነበር፤ አንድ ጊዜ የወጣው ወጪ ለብዙ ዓመት ትርፍ ያስገኛል ማለት ነው።

በ1894 የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ነጋዴዎች ያሳተሙት ፖስት ካርድ በፖስታ እንዲላክ ፈቀደ። ሚስተር ፍሪዝ በ1898 ሲሞቱ ንግዱን ልጆቻቸው ዩስታስና ሲረል ያዙ። በ1902 ደግሞ አድራሻውና መልእክቱ በአንድ ገጽ እንዲጻፍ ስለ ተፈቀደ፤ ሌላው ገጽ በሙሉ ለሥዕል ተለቀቀ። የፖስት ካርድ ገበያ በደራ ጊዜ አባታቸው ያከማቹት ኔጋቲቭ ለልጆቹ የተዘጋጀ ካፒታል ሆናቸው።

ከብዙ ዘመን በኋላ ስልክ ተስፋፋ፤ መንገደኛውም የራሱን ካሜራ መያዝ ጀመረ። ድርጅቱ በ1968 ተሸጠ፤ በ1971 ተዘጋ። ያ ሁሉ ክምችት ሊጠፋ ሲል፤ የፎቶግራፍ ታሪክ ዐዋቂው ቢል ጄይ ጥቅሙን አስረዱ፤ ሮዝማንስ የተባለው የሲጋራ ኩባንያም ገዛው። በ1977 ጆን በክ የተባሉ ሰው ከኩባንያው ገዝተው ሥዕሎቹን ለገበያ አቀረቡ። ክምችቱ ወደ 7,000 የሚጠጉ ከተሞችንና መንደሮችን የያዘ ሲሆን፤ ገዢዎቹ ሰዎች የተወለዱበትን ቀበሌ የቀድሞ መልክ ለማየት የሚፈልጉ ናቸው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ስምና ቁጥር ባይጻፍባቸው ኖሮ እነዚያ መስተዋቶች የየት አገር እንደ ሆኑ የሚያውቅ አይገኝም ነበር። በአገራችንም በፎቶግራፍ ቤቶችና በማተሚያ ቤቶች ያረጁ ኔጋቲቮች፤ ናሙናዎችና መዛግብት ይኖራሉ። ባለቤቶቹ ቤታቸውን ለልጅ ወይም ለገዢ ከማስረከባቸው በፊት፤ ይህን ንብረት በስም፤ በቦታና በዓመት ለይተው ቢመዘግቡት ለወራሹም ለአገርም ይጠቅማል።